የጁምዓው ትምህርት

ከመካነ ሰላም ገበያ ጀርባ፣ እህል ተራውን አልፎ ወደ ቁልቁለቱ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በጭቃ የተመረገች አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነበረች። ዛሬ የለችም። ባለቤቱ አፍርሶ በብሎኬት ሠርቶባታል፤ ሞባይል ይጠገንባታል። ኡምኩልሱም አራጌ ግን በዚያ ባለፈች ቁጥር ብሎኬቱ አይታያትም። የሚታያት አጥሩን ሁሉ ሸፍኖ የተሰጣው የሰው ልብስ ነው፦ የመምህራኑ ሸሚዝ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሱሪ፣ የጤና ጣቢያው ሰዎች ነጭ ጋዋን… እናቷ ሐረግ የከተማውን ሠራተኛ ልብስ እያጠበች ሁለት ሴት ልጆች ያሳደገችው እዚያ ነው። አባቷ አራጌ ደግሞ የገበያው ጫኝና አውራጅ ነበር። ቀልድ የሚወድ ሰው ነበር፤ ማታ ራት ሲቀርብ ትከሻውን እያሻሸ «እኔ የከተማውን እህል እሸከማለሁ፣ እናታችሁ የከተማውን እድፍ ታጥባለች። እኛ ባንኖር መካነ ሰላም ትራባለች፤ ርቧትም ትገማለች!» ሲል አራቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። ድሆች ነበሩ፤ ማን ይክዳል? ግን ያ ጊዜ፣ ያ ሳቅ፣ ያ የሳሙና ሽታ… ወይ ነዶ! ኡምኩልሱም ዛሬ የራሷ ደመወዝ፣ የራሷ ቁልፍ አላት፤ ያንን ሳቅ የሚመልስላት ግን አላገኘችም።

ታላቋ ፈይዛ በአራት ዓመት ትበልጣታለች። ነገር መጠየቅ የማይሰለቻት ልጅ ነበረች። «ሳሙናው በዝናብ ውሃ አረፋ የሚያወጣው፣ በጉድጓዱ ውሃ ግን እምቢ የሚለው ለምንድን ነው?» ብላ እናቷን ታፋጥጣለች፤ ሐረግም «አላህ ያውቃል፤ አንቺ ብቻ እጠቢው» ትላታለች። ፈይዛ ዘጠነኛ ክፍል የገባች ዓመት ታዲያ መምህር አለምነው መጣ። የወግዲ ገበሬ ልጅ ነው፤ ኬሚስትሪ ተምሮ ሲመደብ፣ ላቦራቶሪ ተብሎ የተሰጠው ክፍል የተሰበረ ወንበር የታጨቀበት መጋዘን ሆኖ ጠበቀው። ሌላው ቢሆን ማመልከቻ ጽፎ፣ እጁን አጣጥፎ፣ ጡረታውን ይጠብቅ ነበር። እሱ ግን ክፍል ገብቶ «ላቦራቶሪው እስኪመጣ እናንተ ታረጃላችሁ። ነገ ከየቤታችሁ የሚኮመጥጥና የሚመር ነገር ይዛችሁ ኑ» አለ። አንዱ ሎሚ፣ አንዷ አሬራ፣ ሌላው የጌሾ ቅጠል ይዞ መጣ። ፈይዛ ያመጣችው እናቷ ያደፈ ልብስ የምትዘፈዝፍበትን የአመድ ውሃ ነው፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ። ልጆቹ ሳቁባት። አለምነው ቀዩን የሊትመስ ወረቀት ነከር ሲያደርገው ወረቀቱ ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። ሳቁም ቆመ። ይህ ውሃ አሲድ ሳይሆን ቤዝ መሆኑን፣ ቅባትን እንደሚፈታ፣ የሰው ቆዳም ቅባት እንዳለው ሲያስረዳ ፈይዛ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። «የእማ እጅ ለምን እንደሚላጥ ገባኝ!» አለች፤ ክፍሉ መሃል፣ ጮክ ብላ።

የዚያን ዕለት፣ የሚኮመጥጥ ነገር የአመዱን ኃይል ይሰብራል ብላ፣ እናቷን ልብስ አጥባ በጨረሰች ቁጥር እጇን በአሬራ እንድትለቃለቅ አደረገቻት። «አሬራ ለእጅ! ሰው ምን ይለኛል?» እያለች ብትስቅም፣ በሁለተኛው ሳምንት የሐረግ እጅ መድማቱን ተወ። አለምነው ይህን ሲሰማ እቤት ድረስ መጣ። በርጩማው ላይ ተቀምጦ «እትዬ ሐረግ፣ እነዚህን ልጆች ሳይንስ አስተምሩልኝ። ሳይንስ የሀብታም ልጅ ርስት አይደለም። እኔም በሰው ደብተር፣ በሰው መብራት ነው የተማርኩት» አላቸው። ጎረቤቱ አልፎ አልፎ ሲያሽሟጥጥ ይሰማ ነበር፤ የዚህ መንደር ሴት ልጅ ትንሽ ፊደል ቆጥራ ፓስፖርት አውጥታ ዐረብ አገር ትሄዳለች እንጂ ኬሚስት ትሆናለች ያለው ማን ነው? ድሃ በህልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር ይባል የለ! እነዚያ አራት ሰዎችም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤውን መጠጣት ጀመሩ። አራጌ እንኳ ከባድ ጆንያ ሲያነሣ «ቀስ በሉ፤ የኬሚስት አባት ነኝ» ማለት አመጣ።

ግን የድሃ ህልም ዕድሜው ስንት ነው? ፈይዛ አሥረኛ ክፍል እንደገባች፣ በኅዳር፣ ከአቀስታ በኩል እህል ጭኖ የሚመጣ የጭነት መኪና መታጠፊያው ላይ ተገለበጠ። አራጌ ከጭነቱ ላይ ተቀምጦ ነበር። አስከሬኑን ያነሡት የገዛ ጓደኞቹ፣ ጫኝና አውራጆቹ ናቸው፤ ዕድሜ ልኩን የሰው ሸክም የተሸከመ ትከሻ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ወደ ቤቱ ገባ። በዚያው ክረምት ደግሞ ሐረግ ዓመታት በብርድ ውሃ ውስጥ የኖረ እጇ አበጠ፤ ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ። ማጠብ ትችላለች፣ መጭመቅ ግን አልቻለችም። ያልተጨመቀ ልብስ በደጋ ብርድ በሦስት ቀንም አይደርቅም፤ ደምበኞቿ አንድ በአንድ ሸሹ። ፈይዛ አንድ ቀን ደብተሮቿን በሙሉ በፌስታል ጠቅልላ ኡምኩልሱም ትራስ አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

«ኡሜ» አለቻት፣ ዐረብ አገር በምትሄድበት ቀን ሚኒባሱ ተራ አጠገብ ቆመው፣ ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ፤ «ሁለታችንም ከቀረን የአባ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። አንቺ ለሁለታችን ተማሪ። የተማርሽውን በየጁምዓው ንገሪኝ፤ እኔም አብሬሽ እማራለሁ። ሳይንሱን እንዳትለቂብኝ ብቻ!»

«ወላሂ አልለቅም እታለም!» አለች ኡምኩልሱም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች።

እንዲህ ሆኖ የጁምዓው ትምህርት ተጀመረ። ፈይዛ ሪያድ ከተማ ከአንድ ትልቅ ቤተሰብ ዘንድ ገባች፤ ባለቤቶቹ ጁምዓ ጁምዓ ለዘመድ ጥየቃ ሲወጡ ስልኳን ትከፍታለች። ኡምኩልሱም የሳምንቱን ትምህርት በድምፅ ቀድታ በኢሞ ትልክላታለች፤ ፈይዛ ሊጥ እያቦካች፣ ምንጣፍ እየጠረገች፣ በጆሮ ማዳመጫ ትሰማዋለች። ከዚያ የእሷ ጥያቄ ይመጣል፣ አንዳንዴ አሥር ጥያቄ ባንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ እየሳቀች «ኡሜ፣ እዚህ ባቄላው ቶሎ ይበስላል! የእኛ አገር ባቄላ ግትር የሆነው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ኡምኩልሱም አለምነውን ጠይቃ፣ ከፍ ያለ አገር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው ሙቀቱ ሳይበቃው ቶሎ እንደሚፈላ ነገረቻት። ፈይዛ ለአንድ ሳምንት ያህል ለቤቱ ሹፌር ሳይቀር ይህንኑ ስታስረዳ ሰነበተች። ሐረግም ከልጇ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ያበጡ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ስለ አቶምና ስለ ሞለኪውል ትሰማ ነበር። ምኑም አይገባትም፤ የሁለቱ ልጆቿ ድምፅ ባንድ ስልክ ውስጥ መገናኘቱ ግን ይበቃት ነበር። አቤት እነዚያ ጁምዓዎች! ኡምኩልሱም ዛሬም ዐይኗን ጨፍና ብታስባቸው የፈይዛ ሳቅ ከነትንፋሹ ይመጣባታል።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ኡምኩልሱም አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ የተፈጥሮ ሳይንስ መረጠች፤ ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ሴቶቹ ስድስት ነበሩ። አለምነው ለሁለተኛ ዲግሪው ሄዶ በዚያ ዓመት አልነበረም። የመጀመሪያው የፊዚክስ ፈተና ሲመለስ ከሃያው አራት ብቻ አመጣች። ወረቀቱን ያደለው የክፍሉ አለቃ ውጤቷን ጮክ ብሎ አነበበው፤ ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እሷ ስትወድቅ የመጀመሪያዋ ነበር። መውደቅን ማንም አላስተማራትም ነበር። ማክሰኞ ዕለት ቢሮ ሄዳ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ተዛወረች። የኅብረተሰብ ትምህርት ውርደት ኖሮበት አይደለም፤ እሷ ግን ወዳው አልሄደችም፣ ፈርታ ሸሸች። «ለጊዜው ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ» አለች ለራሷ። ጁምዓ ሲደርስ ለእህቷ እነግራታለሁ ብላ ስልኩን አነሣች… አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው። በሳይንሱ ክፍል የቀረች አሚራ የምትባል ጓደኛ ነበረቻት፤ የአሚራን ደብተር ተውሳ፣ ያልገባትን ነገር እንደገባው ሰው እያነበበች ቀዳችው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። እውነት ነው፤ በአራተኛው ጁምዓ ልቧ መምታቱንም ተወ።

ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ። የካቲት ላይ ነበር። የፈይዛ ድምፅ ጎርነን ብሏል፤ በየመሃሉ ታስላለች።

«ኡሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እመቤቲቱ መታጠቢያ ቤቱ ይንጣልኝ ብላ በረኪናውንና የሽንት ቤቱን ማጽጃ አሲድ አደባልቂው ትለኛለች። ሳደባልቀው ጭስ ቢጤ ይወጣና ደረቴን ይፋጀኛል። ይጎዳል እንዴ? አይጎዳም ካልሽኝ እቀጥላለሁ፤ ይጎዳል ካልሽ እምቢ እላታለሁ። አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው።»

ኡምኩልሱም የአሚራን ደብተር ገለባበጠች። ስለ በረኪና የተጻፈ ነገር አልነበረም። የኬሚስትሪውን መምህር ልትጠይቅ አሰበች፤ «አንቺ የየትኛው ክፍል ነሽ?» ቢላትስ? አላውቅም ልትልም አሰበች፤ ሳይንስ ተማሪዋ ኡሜ እንዴት አላውቅም ትላለች? አላውቅም ካለች ሌላ ጥያቄ ይመጣል፣ ከዚያም ሁሉም ነገር ይወጣል። ስልኩን አፏ ድረስ አስጠግታ፣ የመምህር ድምፅ አውጥታ ተናገረች። «አብሽሪ እታለም። ሁለቱም የጽዳት ዕቃ ናቸው፤ ሲደባለቁ ኃይላቸው ይጨምራል እንጂ ጉዳት የለውም። የሚጨሰው እድፉ ሲለቅ ነው።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ! መልእክቱ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ፤ ፈይዛ እየሳቀች ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ ፈርቼ ነበር እኮ! እህቴ ሳይንስ ባትማር ማን ይነግረኝ ነበር?»

አምስት ወር ሙሉ አደባለቀችው። ሳሉ ባሰ፤ በየድምፁ መሃል የምታርፍበት ጊዜ ረዘመ። «የአየር ማቀዝቀዣው ነው» ትል ነበር። በዒድ ጽዳት ጊዜ በሩን ዘግታ ሁለቱንም ጠርሙስ እንዳለ ገለበጠችው፤ ወድቃ አገኟት። ሆስፒታል ሰንብታ ስትወጣ እንደ ቀድሞው መሥራት አልቻለችም፤ የማይሠራ ሠራተኛ ማን ይፈልጋል? አንዲት ትንሽ ሻንጣ አስይዘው ወደ አገሯ ላኳት። ሐረግና ኡምኩልሱም መናኸሪያ ሲቀበሏት፣ ከሚኒባሱ ወርዳ እስክታቅፋቸው ድረስ ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች። ሐረግ ልጇን ደረቷ ላይ ስታስጠጋት ከውስጥ የሚያፏጭ ድምፅ ሰማች። «ምን አረጉብኝ… ያ ረቢ፣ ልጄን ምን አረጉብኝ!» ብላ መሬት ተቀመጠች።

ደሴ ወሰዷት። ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን አየ፣ ጀርባዋን አዳመጠ፣ «የሚያቃጥል ነገር ተንፍሰሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። ፈይዛ በረኪናና አሲድ ማደባለቋን ነገረችው። «ግን እሱ አይደለም ዶክተር» አለች ፈገግ ብላ፣ በኩራት፣ ወደ ኡምኩልሱም እያመለከተች፤ «እህቴ ሳይንስ ተማሪ ናት፤ ጠይቄያት ጉዳት የለውም ብላኛለች።» ሐኪሙ ቀና ብሎ ኡምኩልሱምን አየ። ብዕሩን አስቀመጠ። ኋላ በኮሪደሩ ላይ ለብቻዋ ጠርቶ ሁለቱ ሲደባለቁ መርዛም ጋዝ እንደሚወጣ፣ የመተንፈሻ ቧንቧዋ ተቃጥሎ ጠባሳ እንደያዘ፣ ጠባሳው ተመልሶ እንደማይድን ነገራት። ደጋው አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቆላ ብትወርድ ይሻላታል አለ። ኡምኩልሱም በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ብቻ ተመኘች፤ ሐኪሙ ቢሰድባት! አልሰደባትም።

ፈይዛ ቆላ አልወርድም አለች። «የማውቀው ሰው መሃል ልተኛ» ብላ መካነ ሰላም ተመለሰች፤ ደጃፉ ላይ ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል ፍራሽ ተነጠፈላት። ጁምዓ ሲደርስ «በይ እንጂ የኔ መምህር፣ ዛሬስ ምን ታስተምሪኛለሽ?» ትላለች። ኡምኩልሱም የአሚራን ደብተር ከፍታ ታነብላታለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ በዚህች ቤት ግን ተረቱ ተገለበጠ። የተወጋችው ምንም ሳታውቅ ትስቃለች፤ የወጋችው እንቅልፍ አጥታ ከሳች። ሐረግ ደግሞ ለሁለቱም እያለቀሰች «የአላህ ቀደር ነው» ትላለች። መስከረም ላይ አለምነው ትምህርቱን ጨርሶ መጣና ፈይዛን ጠየቃት። ሲወጣ ኡምኩልሱም ሸኘችው፤ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆመ። «በሳይንሱ ስም ዝርዝር ውስጥ ፈልጌ አጣሁሽ» አላት። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። ሁሉንም ነገረችው። አንድ ሳታስቀር። አለምነው መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን ጠረገ። «እኔ አልነግራትም» አለ። «እየሞተች ያለችው ግን እሷ ናት። ምን እንደገደላት ማወቅ መብቷ ነው።»

በማግሥቱ ሐረግ ገበያ ስትወጣ ኡምኩልሱም ከፍራሹ አጠገብ ተንበረከከች።

«እታለም፣ አፉ በይኝ…»

«ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?»

«ሳይንስ አልማርም። ካቆምኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው። በረኪናውን ስትጠይቂኝ አላውቅም ነበር… ዋሸሁሽ። የገደለሽ እሱ ነው… እኔ ነኝ!»

ፈይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልጮኸችም፤ ለመጮህ የሚበቃ ትንፋሽም አልነበራትም። ሦስት ቀን አላናገረቻትም። ከእናቷ እጅ ትበላለች፣ ኡምኩልሱም ስትቀርብ ዐይኗን ትጨፍናለች። እነዚያን ሦስት ቀናት ኡምኩልሱም እንዴት እንዳለፈቻቸው አላህ ብቻ ያውቃል! በአራተኛው ቀን ከሰዓት፣ ፈይዛ ሳትዞር ተናገረች።

«ምን ነበር?»

«ምኑ እታለም?»

«ጭሱ።»

ኡምኩልሱም መልስ ልትፈልግ አልሞከረችም። «አላውቅም» አለች። «መርዝ እንደሆነ ነው እንጂ እንዴት እንደሚመጣ አላውቅም።»

«እንግዲያ ሂጂና ተማሪ። ስትመለሺ ንገሪኝ።»

ሮጠች። አለምነውን መጋዘኑ ውስጥ ወንበር ሲጠግን አገኘችው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማራት፤ ያልገባትን ደጋግማ አስደገመችው፣ ሳታፍር። ስትመለስ ፈይዛ ትራስ ተደግፋ ትጠብቃት ነበር። ኡምኩልሱም በጠመኔ በሩ ላይ እየጻፈች አስረዳቻት፤ በረኪናው ውስጥ ክሎሪን እንዳለ፣ ለብቻው ሲሆን ታስሮ እንደሚቀመጥ፣ አሲድ ሲነካው እስራቱ እንደሚፈታና ቢጫ አረንጓዴ ጋዝ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ሳንባ ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ተመልሶ አሲድ እንደሚሆን። የፈይዛ ዐይኖች እያበሩ ሄዱ። ያቺ የአመድ ውሃ ይዛ ክፍል የገባች ልጅ ከዚያ ከተሰበረ ደረት ውስጥ ብቅ አለች! «ክሎሪን…» አለች። «አምስት ወር አብሬው ስኖር ስሙን አላውቅም ነበር።» ትንሽ አረፈችና «ታዲያ ከአየር ይከብዳል ማለት ነው፤ ቁልቁል ወደ ወለሉ ነበር የሚተኛው፤ ጎንበስ ስል ነበር የሚብስብኝ» አለች። ኡምኩልሱም ይህን እሷ ራሷ አላሰበችውም ነበር። ጋዙ በእርግጥም ከአየር ይከብዳል። ጠመኔው ከእጇ ወደቀ፤ እህቷ እግር ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነበር የሰው ሽንት ቤት ሲፈገፍግ የጠፋው!

«አፉ ብዬሻለሁ» አለች ፈይዛ፣ ፀጉሯን እየዳሰሰች። «ወላሂ ከልቤ። ግን ከአሥራ አንድ ትጀምሪያለሽ፤ ከታናናሾችሽ ጋርም ቢሆን። ለእማ ደግሞ አሁን አትንገሪያት። ባንድ ዓመት ሁለት ልጅ አትቅበር።»

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ እኩለ ቀን ሲሆን፣ ፈይዛ አራጌ ትንፋሿ አለቀ። ሃያ ዓመቷ ነበር። የከተማውን ልብስ ሁሉ ያጠበች ሐረግ በዚያች ቀን በማይታጠፉ ጣቶቿ የልጇን ገላ አጠበች። ሴቶቹ እናግዝሽ ቢሏት እምቢ አለች። የቅሬው ወንዶች፣ ዕድርተኞቹ፣ ጀናዛውን ተሸክመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጫኝና አውራጆቹ ፊት ፊት ነበሩ፤ አለምነውም ከኋላ ነበር። ኡምኩልሱም ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀርታ በበሩ ቀዳዳ አየቻቸው። በሩ ላይ የጻፈችው ገና አልጠፋም ነበር።

ከሰባት ቀን በኋላ ደብተር ይዛ ተመለሰች። ጓደኞቿ አሥራ ሁለተኛ ሲሆኑ እሷ እንደገና አሥራ አንደኛ፣ እንደገና ያ ፊዚክስ። በመጀመሪያው ፈተና ከሃያው ስድስት አመጣች፤ ተሳቀባት፤ አልሸሸችም። በየጁምዓው አለምነው መጋዘኑን ከፍቶ ያስጠናት ነበር። አለፈች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ኬሚስትሪ ተምራ ሌላ ከተማ ሥራ ሲገኝላት እምቢ ብላ በመምህርነት መካነ ሰላም መጣች። ዛሬ በመጋዘኑ የተሰበሩት ወንበሮች የሉም፤ ላቦራቶሪ ሆኗል። ጁምዓ ከሰዓት ላቦራቶሪው ለማንም ክፍት ነው፤ ትምህርት ላቋረጠችም፣ ፓስፖርት ለያዘችም፣ ጉልት ለምትቸረችርም። «እስቲ ጠይቁ» ትላቸዋለች። የማታውቀውን ሲጠይቋት አላውቅም ብላ በደብተሯ ትጽፍና በሚቀጥለው ሳምንት መልሱን ይዛ ትመጣለች። በየዓመቱ አንድ ሁለቱ ትምህርት ቤት ይመለሳሉ። ሐረግም አልፎ አልፎ ትመጣና ከኋላ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። ሁለቱ አንድ ቤት ይኖራሉ፣ አንድ መሶብ ይበላሉ፤ ሐረግ ግን «የአላህ ቀደር» ባለች ቁጥር ኡምኩልሱም አንገቷን ትደፋለች። ስንት ጊዜ ልትነግራት አፏን ከፍታ ዋጠችው!

ባለፈው ጁምዓ ርእሱ ይኸው ነበር። በረኪናውን ካንድ ጠረጴዛ፣ አሲዱን ከሌላ ጠረጴዛ አስቀምጣ፣ ሁለቱ ለምን እንደማይደባለቁ አስረዳች። ሲያልቅ ልጆቹ ወጡ። ሐረግ ከአግዳሚው አልተነሣችም። ኡምኩልሱም አየቻት፤ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም። ሄዳ እግሯ ስር ቁጭ አለች።

«እማ… ፈይዛ ጠይቃኝ ነበር። ጉዳት የለውም ያልኳት እኔ ነኝ።»

ሐረግ ቀና ብላ ጥቁር ሰሌዳውን ተመለከተች። እንባዋ በጉንጯ ላይ እየወረደ ድምፅ አልነበረውም።

«አውቃለሁ ልጄ» አለች። «ነፍሷ ልትወጣ ሁለት ቀን ሲቀራት እሷው ነገረችኝ። ‹እስክትነግርሽ አንቺ አትጠይቂያት› ብላ አስማለችኝ።» የተጣመሙ ጣቶቿን አንሥታ የልጇን ፊት ያዘች። «ስምንት ዓመት ሙሉ ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ ጠበቅኩሽ። ያኔ ብትነግሪኝ እመታሽ ነበር፤ መትቼም አቅፍሽ ነበር። ሁለቱንም ነው የነሣሽኝ።»

እናትና ልጅ በዚያ ላቦራቶሪ ወለል ላይ ተቃቅፈው ለስምንት ዓመት ያላለቀሱትን አለቀሱ። ቀደር የለም የሚል ማን አለ? አራጌን ያ መኪና መታጠፊያው ላይ የጠበቀው ሰው ስላጠፋ አልነበረም። ግን ሁሉንም መከራ ወደ ሰማይ መግፋት አይገባም፤ አንዳንዱን የምናመጣው እኛው ነን፣ በማፈር፣ በመሸፈን፣ ድሃ ልጅ ስትወድቅ አብረን በመሳቅ። በዚያች ከሰዓት ያ ሳቅ፣ ያ ኀፍረት፣ ያ ዝምታ ስንት ዓመት እንደወሰደባቸው ያወቁት እነዚያ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ። ሐረግ በመጨረሻ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ «በይ ተነሺ፤ ያንን ነገር ለእኔም እንደገና አስረጂኝ። ልጄ ገብቷት ነው የሞተችው፤ እኔም ይግባኝ» አለች። ኡምኩልሱም ተነሥታ ጠመኔውን ያዘች።